የቀድሞዋ የቱቫ ሪፐብሊክ በእንግሊዝኛ በምን ስም ትጠራ?

በእንግሊዝኛ ቋንቋ በተዘጋጁ የታሪክና የጂኦግራፊ መማሪያ መጻሕፍት፣ አትላሶችና ኢንሳይክሎፒዲያዎች ውስጥ፣ በደቡብ ሳይቤሪያና በሰሜን ሞንጎሊያ መካከል የምትገኝ አንዲት አነስተኛ አገር በተለያዩ ስሞች ተጠርታ ትገኛለች። በአንደኛው መጽሐፍ «ታኑ ቱቫ»፣ በሁለተኛው «ቱቪኒያን ፒፕልስ ሪፐብሊክ»፣ በሦስተኛው «ቱቫን ፒፕልስ ሪፐብሊክ»፣ ከዚያ በቆዩት ደግሞ «ኡሪያንኻይ» ትባላለች። መምህሩ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የነበረውን የእስያ ካርታ ሰቅሎ ሲያስተምር፣ ተማሪው እነዚህ ስሞች ሁሉ የአንዲት አገር መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ አራት ስም አይቶ አራት አገር ነው ብሎ ቢቆጥር ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ የተማሪን ግራ መጋባት ከማስወገድ ያለፈ ነው። ከስሞቹ እያንዳንዱ አገሪቱ የማን እንደነበረች በሹክሹክታ ይናገራል። አንዱ የቻይናን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት የአስተዳደር መዝገብ፣ ሌላው የሩሲያን ሰዋስው፣ ሌላው ደግሞ የቴምብር ሰብሳቢዎችን ትዝታ ተሸክሞ ይመጣል። አዘጋጁ ሳያመዛዝን አንዱን አንሥቶ በካርታው ላይ ሲያሰፍር፣ ከስሙ ጋር የአንዱን ወገን የይገባኛል ክርክር ጭምር ለክፍሉ ያስተምራል። በውጭ አገር መጻሕፍት ለረጅም ዘመን «አቢሲኒያ» እየተባለ ሲጻፍ የኖረ አገር መምህር ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስልም።

ወደ ስሞቹ ከመገባቱ በፊት ስለ አገሪቱ ጥቂት ማለት ይገባል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቱቫ በላይኛው የየኒሴይ ወንዝ ተፋሰስ የምትገኝ፣ በሰሜን በሳያን፣ በደቡብ በታኑ ኦላ ተራሮች የታጠረች፣ ስፋቷም 170,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አገር ናት። ሕዝቧ ከቱርክ ቋንቋዎች ቤተሰብ የሚመደብ ቋንቋ የሚናገር፣ የላማ ቡድሂዝምን ከጥንቱ የሻማን እምነት ጋር አስማምቶ የያዘ፣ በኑሮው በአብዛኛው አርብቶ አደር የነበረ ነው። ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አንሥቶ የቺንግ ሥርወ መንግሥት እስከ ወደቀበት ዘመን ድረስ በቻይና ሥር ቆየች፤ በ1914 የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ጥበቃው ሥር አዋላት፤ በ1921 ሪፐብሊክ ተባለች፤ በጥቅምት 1944 ደግሞ ከሶቭየት ኅብረት ጋር ተዋሐደች። ለክርክር የቀረበው ስም እንግዲህ ሃያ ሦስት ዓመት ብቻ የኖረች መንግሥት ስም ነው።

«ኡሪያንኻይ» የሚለው ስም ሞንጎሎች ለሰሜን ጎረቤቶቻቸው ያወጡት እንጂ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት አይደለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዳግላስ ካራዘርስ በ1910 እና በ1911 አገሩን አቋርጦ በ1913 ባሳተመው «ያልታወቀችው ሞንጎሊያ» በተሰኘ መጽሐፉ በዚሁ ስም መጠቀሙ አያስወቅሰውም፤ የዘመኑ መንግሥታት መዝገብ የሚያውቀው ይህንኑ ነበርና። ነገር ግን ኡሪያንኻይ ተብለው የሚጠሩት የታኑ ተራሮች ሰዎች ብቻ ስላልነበሩ፣ ለምሳሌ በአልታይ አካባቢ የሚኖሩት «የአልታይ ኡሪያንኻይ» ይባሉ ስለነበር፣ የቱቫዎቹን ከሌሎቹ ለመለየት «ታኑ ኡሪያንኻይ» ማለት ግድ ሆነ። «ታኑ» የሚለው ቃል ወደ ስሙ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ማስታወስ የሚጠቅመው ኋላ ለሚነሣው ክርክር ቁልፉ እዚህ ላይ ስለሚገኝ ነው፤ «ታኑ» መለያ ነበር፤ የሚለየውም አንዱን ኡሪያንኻይ ከሌላው ኡሪያንኻይ ነበር።

በነሐሴ 1921 በሱግ ባዢ የተሰበሰበው መሥራች ጉባኤ ነጻነትን ሲያውጅ የባዕዱን ስም ጥሎ የሕዝቡን ስም አነሣ፤ ቅጽሉን ግን አልጣለም። አገሪቱ «ታኑ ቱቫ ኡሉስ» ተብላ ተሰየመች። እዚህ ላይ የመጀመሪያው የትርጉም ችግር ይገጥማል። «ኡሉስ» በሞንጎልኛ መንግሥት ወይም አገር ማለት ሲሆን፣ በቱቫ ቋንቋ ግን ሕዝብ ማለት ነው። የቱቫ ቋንቋ የራሱ ፊደል ያገኘው በ1930 ስለሆነ፣ በምሥረታው ዘመን የመንግሥቱ ሰነድ የሚጻፈው በሞንጎልኛ ነበር። ቃሉን እንደ ሞንጎልኛ ያነበበ ተርጓሚ «የታኑ ቱቫ መንግሥት» ይላል፤ እንደ ቱቫ ቋንቋ ያነበበው «የታኑ ቱቫ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» ይላል። በአንዳንድ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሚገኘው «ፒፕልስ ሪፐብሊክ ኦፍ ታኑ ቱቫ» የተወለደው ከሁለተኛው ንባብ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ሊከራከሩበት የሚቻል ስም ነው፤ ይኸው ስም እስከ 1944 ተዘርግቶ ሲገኝ ግን ስሕተት ነው።

ስሕተት የሚሆንበት ምክንያት አገሪቱ በ1926 ስሟን በመለወጧ ነው። በዚያ ዓመት «ታኑ» ተሰርዞ የመንግሥቱ ስም «ትቫ አራት ሪፐብሊክ» ሆነ፤ በዚያው ዓመት ዋና ከተማዋም «ኪዚል»፣ ትርጉሙም «ቀይ»፣ ተባለች። ከተማይቱ በ1914 ስትቆረቆር በነጩ ዛር ስም «ቤሎጻርስክ» ተብላ፣ በ1918 ደግሞ «ኬም ቤልዲር» ተብላ ነበር። መምህራን ይህን ለካርታ ምርመራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ አገሪቱን «ታኑ ቱቫ»፣ ዋና ከተማዋን «ኪዚል» ብሎ የሚያሳይ ካርታ ሁለት ዘመን በአንድ ወረቀት ላይ አትሟል።

«ታኑ» ለምን ተጣለ? ዐዋጁ ምክንያቱን ቢናገርም ባይናገርም ቃሉ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ኡሪያንኻይ ብዙ ነበሩና መለያ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ቱቫ የሚባል አገር ግን ሌላ የለም። «ታኑ ቱቫ» ማለት፣ ከሌላ ቱቫ ለመለየት ካልሆነ በቀር፣ አገርን በአንድ ጠርዟ ላይ ባለው የተራራ ሰንሰለት ስም መጥራት ነው። ታኑ ኦላ የደቡብ ወሰኗ እንጂ እምብርቷ አይደለም።

አስቸጋሪው ቃል ሌላ ነው፤ «አራት»። የአማርኛ አንባቢ በመጀመሪያ ቁጥር ይመስለዋል፤ «ትቫ አራት ሪፐብሊክ» የሚለውን ያየ ተማሪ የቀሩት ሦስቱ የት አሉ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቃሉ ግን ከሞንጎልኛ የተወረሰ ሆኖ ተራውን ሰው፣ ባላባት ወይም ላማ ያልሆነውን አርብቶ አደር የሚያመለክት ነው። ሩሲያውያን የመንግሥቱን ስም ሲተረጉሙ «ናሮድናያ»፣ ማለትም ሕዝባዊ፣ አሉት፤ እንግሊዝኛውም ያንኑ ተከትሎ «ፒፕልስ» አለ። የሚገርመው፣ ከ1932 ጀምሮ የገዢው ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው ሳልቻክ ቶካ የጻፈውና በ1951 የስታሊን ሽልማት የተሰጠው የሕይወት ታሪኩ በሩሲያኛ ሲታተም፣ ርእሱ ላይ «አራት» የሚለው ቃል ሳይተረጎም መቅረቱ ነው። በመንግሥት ስም ውስጥ ሕዝብ የሆነው ቃል በመጽሐፍ ሽፋን ላይ አራት ሆኖ ቀረ።

ከዚህ በመነሣት በእንግሊዝኛም «ቱቫን አራት ሪፐብሊክ» ሊባል ይገባል የሚል ክርክር ቢነሣ ያለ ጭብጥ አይደለም። «ሕዝብ» ሁሉን የሚያቅፍ ቃል ነው፤ «አራት» ግን ባላባቱንና ላማውን ከደጅ ያስቀራል። ሆኖም የቃሉ ስለት በ1926 እና በ1930ዎቹ አንድ እንዳልነበረ መታወቅ አለበት። በ1920ዎቹ የመንግሥቱ መሪ ከነበሩት አንዱ ዶንዱክ ኩላር ራሱ የቀድሞ ላማ ነበር፤ ቡድሂዝምንም የመንግሥት ሃይማኖት ለማድረግ የጣረ ሰው ነው። የአራቶች ሪፐብሊክ ተብላ የተጠራችው አገር፣ ስሙን ባገኘችበት ዘመን ቡራኬን የማይጸየፍ መሪ ነበራት። ሥልጣኑ በ1929 በሞስኮ ተምረው በተመለሱ ወጣቶች እጅ ከገባና ዶንዱክም በ1932 ከተገደለ በኋላ ነው ቃሉ ገዳማቱን የሚያዘጋና ከብት የሚያስወርስ የመደብ ቃል የሆነው። ስሙ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። እንግዲህ ተርጓሚው የትኛውን «አራት» ይተርጉም?

የተሻለው መፍትሔ ከጎረቤት ይገኛል። የሞንጎሊያ መንግሥት በ1924 ሪፐብሊክ ሲሆን በስሙ ውስጥ ያስገባው «አርድ» የሚለው ቃል የዚሁ የ«አራት» ምንጭ ነው፤ በእንግሊዝኛም ያለ ምንም ክርክር «ፒፕልስ» ተብሎ ተተርጉሟል። የሞንጎሊያውን ተርጉሞ የቱቫውን እንዳለ መተው፣ ሁለቱ መንግሥታት በአንድ ዘመን ከአንድ ቃል የወሰዱትን ስያሜ በካርታው ላይ የተለያየ ሥርዓት ያስመስለዋል። ተማሪውም አንዷን ሕዝባዊት፣ ሌላዪቱን የማትገባ እንግዳ ነገር አድርጎ ይወስዳታል። ስለዚህ «ፒፕልስ» ይቆይ፤ የ«አራት» ምስጢር ግን በመምህሩ ማብራሪያ ውስጥ ይነገር። ለአማርኛውም «የቱቫ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» የሚለው ያለ ችግር ይስማማል።

«ቱቪኒያን» ስለሚለው ቅጽል ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሩሲያኛ የቱቫን ሰው «ቱቪኔትስ»፣ የቱቫ የሆነውን «ቱቪንስኪ» ይላል፤ በመካከል ያለው «ን» የሩሲያ ሰዋስው ያስገባው እንጂ የአገሩ ስም ክፍል አይደለም። እንግሊዝኛው በዚህ ላይ የራሱን የዝምድና ቅጥያ ሲደርብ ውጤቱ በአማርኛ «ኢትዮጵያዊያዊ» እንደ ማለት ይሆናል። በብዙ ከበሬታ ባላቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ማገልገሉ አይካድም፤ ምክንያቱ ግን ጸሐፊዎቹ ስለ ቱቫ የሚያውቁትን በአብዛኛው ከሩሲያኛ መጻሕፍት ማግኘታቸው ነው። ቋንቋውን በቀጥታ ያጠኑት ዘንድ ልማዱ ቀደም ብሎ ተለውጧል፤ ጆን ክሩገር በ1977 በአሜሪካ ያሳተመው የቋንቋው መማሪያ «ቱቫን» የሚለውን ይዟል። አጭሩና ቀጥተኛው ቅጽል እያለ የተርጓሚውን መንገድ የሚያሳየውን ረጅሙን መምረጥ አያስፈልግም።

ከሁሉ የጸናው ተከራካሪ «ታኑ ቱቫ» ነው። በ1926 የተጣለ ስም በእንግሊዝኛ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው በምን ምክንያት ነው? በ1941 «ፓሲፊክ አፌርስ» በተባለው መጽሔት ላይ ዊልያም ባሊስ ስለ ሶቭየት የጠረፍ ፖሊሲ ያወጣው ጽሑፍ አገሪቱን «ታና ቱቫ» ይላታል፤ ስሙ ከተለወጠ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ አጻጻፉም ሌላ ሆኗል። በአንጻሩ በ1929 አገሪቱን በዓይኑ ያየው ኦስትሪያዊው ኦቶ ሜንቼን ሄልፈን በ1931 በጀርመንኛ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ በ1992 ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው፣ በርእሱ ላይ «ቱቫ» ብቻ ይላል። በቦታው የተገኘው ሰው ያልተጠቀመበትን ቃል በሩቅ የነበሩት ይዘውት ቀርተዋል።

ያቆየው በዋነኛነት ቴምብር ነው። ቱቫ በ1926 የመጀመሪያ ቴምብሮቿን አወጣች፤ በተለይ በ1930ዎቹ አጋማሽ የታተሙት ባለ ሦስት ማዕዘንና እንደ አልማዝ የቆሙ፣ ግመልና ፈረስ፣ አዳኝና ታጋይ የተሣሉባቸው ቴምብሮች በምዕራቡ ዓለም ልጆች አልበም ውስጥ ገቡ። ብዙ ሰው የአገሪቱን መኖር ያወቀው በእነዚህ ቴምብሮች ብቻ ነው። የሰብሳቢዎች ልማድም «ታኑ ቱቫ» በሚለው ርእስ ሥር አስቀመጣቸው። ቴምብሮቹ ራሳቸው ግን፣ በላቲን ፊደል ከተጻፈባቸው ከ1927 ወዲህ፣ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ «ቱቫ» ነው የሚሉት። ከእነዚያ ልጆች አንዱ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን በ1977 በወዳጁ በራልፍ ሌይተን ፊት «ታኑ ቱቫ የት ደረሰች?» የሚል ጥያቄ አንሥቶ፣ ሁለቱ አገሪቱን ለማየት ለዓመታት ሲደክሙ፣ ፋይንማን ሳያያት በ1988 ሞተ፤ ሌይተን በ1991 ያሳተመው መጽሐፍም ያን ስም ለአዲስ ትውልድ አስተላለፈው። ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ፣ የጂኦግራፊ ፍቅርም የሚያሳድር ነው፤ ለክፍል ንባብም ይስማማል። ነገር ግን የአንድ ሕፃን የቴምብር አልበም ትዝታ፣ ሕፃኑ ኋላ የኖቤል ተሸላሚ ቢሆንም እንኳ፣ የመንግሥትን ስም ሊወስን አይገባም።

የታወቀ ስም አይነካ የሚለው ሙግት በሌሎች ጊዜያት ክብደት አለው። ሕዝብ አፍ ላይ የዋለን ስም በየጊዜው መለዋወጥ መጻሕፍትን ያስረጃል፤ ወጪም ነው፤ ዕቅድ አውጪዎች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። «ታኑ ቱቫ» ግን በአፍ ላይ የዋለው በጥቂቶች ዘንድ ነው፤ ስሙን በመማሪያ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ተማሪ የሚጥለው ልማድ የለውም።

በሌላው ዳር የቆመ ሐሳብም አለ፤ የዛሬዋ ሪፐብሊክ ከ1993 ጀምሮ ስሟን በሩሲያኛ እንኳ በቱቫ ቋንቋ አነባበብ ስለምትጽፍ የቀድሞዋም በእንግሊዝኛ በዚያው ይጻፍ የሚል ነው። የመጀመሪያው ፊደል የሚከተለው አናባቢ በእንግሊዝኛ የለም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚተካው ምልክት አንባቢውን «ታይቫ» ወይም «ቲቫ» ያሰኘዋል። የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ያ አናባቢ ከሳድስ ድምፅ ጋር የቀረበ ስለሆነ «ትቫ» ብሎ ሲያነብ ከእንግሊዛዊው ይልቅ ለባለ አገሩ አጠራር ይቀርባል። መምህሩ ይህን በቃል ቢያሳይ መልካም ነው። በእንግሊዝኛ ካርታ ላይ ግን የ1993ን አጻጻፍ ለ1926 መንግሥት ማልበስ፣ ታኑን ለ1940 ከማልበስ የተለየ ስሕተት አይደለም፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተገላበጠው።

«ሪፐብሊክ» ማለቱስ ያልነበረን ነጻነት መመስከር አይሆንም ወይ? አገሪቱን ከሶቭየት ኅብረትና ከሞንጎሊያ በቀር በይፋ ያወቃት መንግሥት አልነበረም፤ ቻይናም መብቷን አልተወችም፤ የሞስኮ እጅ በሁሉ ነገር ውስጥ ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች «ታኑ ቱቫ» የሚለውን የሚመርጡት የመንግሥትነት ማዕረግ የሌለው ገለልተኛ የቦታ ስም መስሏቸው ነው። ይሁንና ሕገ መንግሥትና ምክር ቤት፣ ከ1940 ጀምሮም ኸርተክ አንቺማ የተባለች ሴት የምክር ቤቱን ፕሬዚዲየም ሊቀ መንበርነት ይዛ በርእሰ ብሔርነት የተቀመጠችበት፣ በሰኔ 1941 በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀ መንግሥት ነበር። ነጻነቱ ምን ያህል እንደነበረ የሚያስረዳው ትምህርቱ ነው። በስም ላይ ማዕረግ በመቀነስ የሚሰጥ ፍርድ ተማሪው የማያየው፣ ስለዚህም ሊመረምረው የማይችል ፍርድ ነው።

በሥራ ሲተረጎም አትላስና መጽሐፍ አዘጋጆች ከ1926 እስከ 1944 ላለው ዘመን «ቱቫን ፒፕልስ ሪፐብሊክ»፣ ቦታ ሲጠብ «ቱቫ» ብለው ቢጽፉ ይበቃል። ከ1921 እስከ 1926 ያለውን ብቻ በሚያሳይ ካርታ ላይ «ታኑ ቱቫ» ትክክል ነው፤ «ኡሉስ» አከራካሪ ስለሆነ «ፒፕልስ» ባይጨመርበት ይመረጣል። ከ1911 በፊት ላለው «ታኑ ኡሪያንኻይ» ይጻፍ፤ ከ1944 በኋላ አገሪቱ መጀመሪያ ራስ ገዝ ክፍለ ሀገር፣ ከ1961 ጀምሮ ራስ ገዝ ሪፐብሊክ ሆና በሩሲያ ፌዴሬሽን ውስጥ ስለቆየች በዚያው መዓርጓ ትጠራ። በታይዋን ለአሥርት ዓመታት የታተሙ ካርታዎች አገሪቱን በቻይንኛው አጠራር በ«ታኑ ኡሪያንኻይ» ስም በቻይና ወሰን ውስጥ ሲያሳዩ ስለኖሩ፣ እንዲህ ያለ ካርታ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቢገኝ ከመጣል ይልቅ ከሌላው ጎን አንጥልጥሎ ልዩነቱን ማስጠየቅ ይሻላል። በስም ማውጫው ላይ ደግሞ «ታኑ ቱቫ»፣ «ታና ቱቫ»፣ «ቱቪኒያን» እና «ኡሪያንኻይ» የሚሉት እያንዳንዳቸው በየፊደል ተራቸው ገብተው አንባቢውን ወደ «ቱቫ» ይምሩት።